በሰው አገር ደንበኛ ሆኖ መብትን ማስከበር፦ ከስልክ ወረፋ እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም

በሰው አገር ትልልቁ ነገር ይለመዳል። ቋንቋው ቀስ በቀስ ይገባል፣ መንገዱም ይታወቃል። ልብ የሚያወልቀው ትንንሹ ነው። የዘጋችሁት የኢንተርኔት ውል በየወሩ ገንዘብ ይቆርጣል። ያዘዛችሁት ዕቃ «ደርሷል» ይላችኋል፤ በሩ ላይ ግን ምንም የለም። ስትደውሉ ማሽኑ አንድን ተጫኑ፣ ሁለትን ተጫኑ ይላል። ከዚያ ሙዚቃ ነው። በስንት ጊዜ ሰው ሲገኝ «ይህ የእኛ ክፍል አይመለከተውም» ብሎ ያስተላልፋችኋል። መስመሩ እዚያው ላይ ይቋረጣል።

በስልክ ክርክር ደካማው ወገን እናንተ ናችሁ። ሰውየው በፍጥነት ያወራል፣ የድርጅቱን አሠራር ያውቃል፣ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። በጽሑፍ ግን ይህ ሁሉ ብልጫ ይቀንሳል። ቀንና ደረሰኝ አክሰንት የላቸውም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለደንበኛ አገልግሎት የተነገረ ነው የሚመስለኝ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፦ ጉዳዩን ከስልክ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር።

1. ጠባይና ጥፋት ለዩ

የሚያናድደን ሁሉ በደል አይደለም። አንዳንድ አገር የባንኮኒው ሠራተኛ ፈገግ አይልም፣ ሰላምታም አያበዛም። መልሱ አጭርና ደረቅ ነው። ንቀት ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ግን ለአገሬው ሰውም የሚመልሰው እንደዚያው ነው። ሌላ አገር ደግሞ ተቃራኒው አለ። ሠራተኛው በትህትና ያጥለቀልቃችኋል፤ ስልኩ ሲዘጋ የተሠራ ነገር የለም። እኔ ከሁለቱ ደረቁን እመርጣለሁ። ቢያንስ «አይሆንም» ካለ አይሆንም ማለቱ ነው።

የጠባዩን ነገር እለፉት። ገንዘባችሁ፣ ዕቃችሁ፣ ቀጠሯችሁ ወይም ውላችሁ ከተነካ ግን ያ ጉዳይ ነው። በቀለማችሁ ወይም በመጣችሁበት አገር ምክንያት አገልግሎት ከተከለከላችሁም ነገሩ ከጠባይ ያለፈ ነው። ብዙ አገር ራሱን የቻለ ሕግና አቤት የሚባልበት ቦታ አለው።

አሁን የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «አገልግሎታቸው አስጠልቶኛል» ጥያቄ አይደለም። «በማርች ወር ሁለት ጊዜ ከተቆረጠብኝ ክፍያ አንዱ ይመለስልኝ» ግን ጥያቄ ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ለመደወል ገና አልተዘጋጃችሁም።

2. ሠራተኛው ያለውን ሳይሆን ሕጉ የሚለውን እዩ

ብዙዎቻችን የምንሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው «የድርጅታችን ደንብ አይፈቅድም» ሲል አምነን እንወጣለን። የድርጅት ደንብ ግን ከአገሩ ሕግ በላይ አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ ከነበርንበት አገር የለመድነውን መብት አዲሱ አገር ላይ የምንፈልግ አለን። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም።

የአውሮፓ ኅብረትን እንውሰድ። በኢንተርኔት የገዛችሁትን ዕቃ ከተረከባችሁበት ቀን አንስቶ በ14 ቀን ውስጥ ያለምንም ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ። በትዕዛዝ ለእናንተ ብቻ የተሠራ ዕቃንና የንጽሕና ማሸጊያው የተከፈተን የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ አይካተቱም። ሻጩ ይህን መብት ካላሳወቃችሁ ጊዜው በ12 ወር ይራዘማል። ሱቅ ገብታችሁ በእጃችሁ መርጣችሁ የገዛችሁት ግን ሌላ ነው። ዕቃው እንከን ከሌለው ሻጩ መልሶ እንዲወስድ ኅብረቱ አያስገድደውም። እንከን ካለው ቢያንስ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አላችሁ። ችግሩ በመጀመሪያው ዓመት ከታየ ደግሞ ከመነሻው እንደነበረ ይቆጠራል። «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» የሚል ሻጭ ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም የእሱ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ እንከን ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን እንድትቀበሉ ይፈቅዳል። አውስትራሊያ ውስጥ «ገንዘብ አንመልስም» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ራሱ ሕገ ወጥ ነው። አሜሪካ ግን የፌደራል ሕጉ እንከን የሌለውን ዕቃ መልሱ ብሎ ሱቆችን አያስገድድም። እዚያ የሱቁን የመመለሻ ደንብ ከመክፈላችሁ በፊት ማንበብ የግድ ነው።

ያላችሁበትን አገር ሕግ ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልግም። የመንግሥት የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በቀላል ቋንቋ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሕጉን ስምና ዓመት በማስታወሻችሁ ያዙ። «መብቴ ነው» ከማለት «በዚህ ዓመት በወጣው በዚህ ሕግ መሠረት» ማለት ያለው ክብደት ሌላ ነው።

3. ፋይል ክፈቱ

ሳይደርቅ በእርጥቡ ያዙት። ችግሩ በታየበት ዕለት ስልካችሁ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱና የድርጅቱን ስም ስጡት።

የመጀመሪያው ሥራ ደረሰኙን ፎቶ ማንሳት ነው። አብዛኛው የሱቅ ደረሰኝ የሚታተመው ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ብትተዉት ይጠቁራል። ቦርሳ ውስጥ ብዙ ከቆየ ደግሞ ጽሑፉ እየፈዘዘ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ዋስትናው ሁለት ዓመት ሆኖ ደረሰኙ በወራት ውስጥ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ የደንበኛ ቁጥራችሁን፣ የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ ውሉንና የባንክ መግለጫውን አስገቡ። ድረ ገጹ ላይ ያያችሁትን ቃል ኪዳን ስክሪንሾት አድርጉት፤ ነገ ሊቀየር ይችላል። ከቻት መስኮት ጋር የምታወሩ ከሆነ ከመዝጋታችሁ በፊት ንግግሩን በሙሉ አስቀምጡ። ብዙዎቹ መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋሉ።

የቀን ነገር እንዳያምታታችሁ። 03/04 አሜሪካ ውስጥ ማርች 4 ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ኤፕሪል 3 ነው። በዚህ ብቻ የመመለሻ ቀኑ ያለፈበት ሰው ሞልቷል። ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል ጻፉት። ቁጥርም እንደዚያው ነው። 1.500 በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች አንድ ሺህ አምስት መቶ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች ግን አንድ ተኩል ነው።

4. ከመደወላችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ

ስልክ ላይ ቋንቋ የሚጠፋን ስለማናውቀው ብቻ አይደለም፤ ስለምንናደድም ነው። ሲናደዱ ሁለተኛ ቋንቋ ቀድሞ ይከዳል። መድኃኒቱ የምትሉትን አስቀድሞ መጻፍ ነው።

ገጹ ላይ አራት ነገር ይበቃል። ማን እንደሆናችሁና የደንበኛ ቁጥራችሁ፣ መቼ ምን እንደተፈጠረ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የምትፈልጉት ነገር፣ እስከ መቼ እንደምትፈልጉት። ከግርጌው ደግሞ ሲጨንቅ የምታነቧቸውን ሦስት ቃላችሁን በአገሩ ቋንቋ አስፍሩ፦ «እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ»፣ «የተስማማነውን ላንብብልዎና ልክ ከሆነ ይንገሩኝ»፣ «ይህን በጽሑፍ ይላኩልኝ»።

ስማችሁን በስልክ መቁጠር ሌላው ጣጣ ነው። «ቢ» ስትሉ «ዲ» ይሰማሉ፤ «ኤም» ስትሉ «ኤን» ይጽፋሉ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች መዝገባችሁ አይገኝም። እንግሊዝኛ በሚሠራበት ቦታ አብራሪዎች የሚጠቀሙበትን ከ1956 ጀምሮ ያለውን የፊደል አጠራር ተዋሱ፦ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ እያለ የሚሄደውን። ሁሉንም መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። የስማችሁን ፊደላት ብቻ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ጀርመንን የመሰሉ አገሮች የራሳቸው አጠራር አላቸው።

አስተርጓሚ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ብዙ ትልልቅ ባንኮች፣ የመብራትና የስልክ ድርጅቶች በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ያስገባሉ፤ ሳይጠየቁ ግን አይነግሯችሁም። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። ቋንቋውን ቢያቀላጥፉትም የውል ነገር አይገባቸውም፤ ደግሞም የወላጅን ጭቅጭቅ መሸከም የእነሱ ሥራ አይደለም።

5. ስልኩ ላይ

ከተቻለ በሥራ ሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት አትደውሉ። ቅዳሜና እሁድን ሲብሰለሰል ያደረ ሰው ሁሉ ያኔ ነው የሚደውለው። «መልሰን እንደውልልዎ?» የሚል ምርጫ ካለ ተቀበሉት።

ሰው ሲያነሳ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ስሙ ይሁን። ሰዓቱንም ጻፉ። ከዚያ ያቺን የአንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቄ አንብቡ። ታሪኩን ከጅምሩ አትተርኩ፤ ሠራተኛው የሚያየው ስክሪን ላይ ያሉትን ሳጥኖች ነው፣ ታሪክ የሚሞላበት ሳጥን የለውም።

ጩኸት ዋጋ የለውም። የሚያወራችሁ ሰው ሒሳቡን አልቆረጠም፣ ዕቃውንም አልጣለም። ብዙ ጊዜ ከድርጅቱ ውጭ በኮንትራት የተቀጠረ ነው። የመወሰን ሥልጣኑም ጠባብ ነው። በትህትና «እርስዎ ይህን የመወሰን ሥልጣን አለዎት? ከሌለዎት ማን ጋር ነው?» በሉት። ይህ ጥያቄ ከቁጣ ይልቅ ብዙ በር ይከፍታል።

ከመዝጋታችሁ በፊት የጉዳዩን ቁጥር ተቀበሉ። «እስከዚህ ቀን ካልተፈታ ምን ላድርግ?» ብላችሁም ጠይቁ። ንግግሩን ደብቃችሁ አትቅዱ። ጀርመን ውስጥ ያለፈቃድ የሰውን የግል ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። ካሊፎርኒያም የተነጋጋሪዎቹን ሁሉ ፈቃድ ትጠይቃለች። እናንተ ተበዳይ ሆናችሁ ሳለ ተከሳሽ እንዳትሆኑ።

6. በዚያው ዕለት ጻፉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህን እላችኋለሁ። ስልኩን ዘግታችሁ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ ኢሜይል ላኩ። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«ሰላም። የደንበኛ ቁጥሬ እገሌ ነው። ዛሬ ማርች 4 ከሰዓት በኋላ ከእገሊት ጋር በስልክ ተነጋግረናል። የጉዳዩ ቁጥር እገሌ ነው። ውሌ ከማርች 31 ጀምሮ እንደሚዘጋና የተጨማሪው ወር ክፍያ እንደሚመለስልኝ ነግረውኛል። እኔ የተረዳሁት ስህተት ካለው እስከ ማርች 11 በጽሑፍ ያርሙኝ። ክፍያውን እስከ ማርች 18 እጠብቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

ስድብ የለም፤ «በጣም አዝኛለሁ» የለም። ግን ሁሉም ነገር አለበት።

አንድ የኢንተርኔት ድርጅት ቤት ስቀይር ውሌን ዘግተነዋል ብሎኝ ሒሳብ መላኩን ቀጠለ። ደውዬ ስጠይቅ «እንዲህ ያለ ነገር መዝገባችን ላይ የለም» አለችኝ ሠራተኛዋ። ውሉ ተዘግቷል በተባልኩበት ዕለት የላክሁትን ኢሜይል ቀንና ሰዓት ነገርኳት። ዝም አለች። ቀጥላ «አንዴ ይጠብቁኝ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሌላ ነበር።

በትርጉም መተግበሪያ የምትጽፉ ከሆነ ዓረፍተ ነገራችሁን አሳጥሩ። ተረትና ምፀት አታስገቡ። የተተረጎመውን መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት፤ የወጣው ካሰባችሁት ከተለየ ዋናውን ቀይሩ። በተለይ ቁጥርንና «አይደለም» የሚለውን ደግማችሁ እዩ።

በፖስታ የሚጻፍ ደብዳቤ አሁንም ክብር ያለው አገር አለ። ኢሜይላችሁን ችላ ያለ ድርጅት በአደራ የተላከ ደብዳቤን ፈርሞ ይቀበላል፤ የመላኪያው ወረቀትም ማስረጃችሁ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ በኢንተርኔት መዋዋል የሚቻልበት ድረ ገጽ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ውል ማቋረጫ በተን እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። የኔትፍሊክስ ዓይነት ወርሃዊ ክፍያም ሆነ የስፖርት ቤት ውል ለመዝጋት ስልክ ላይ መለማመጥ አይጠበቅባችሁም።

7. መደበኛ ቅሬታ አስገቡ

የሰጣችሁት ቀን ካለፈ አሁንም ደንበኛ አገልግሎት ጋር አትመላለሱ። እንደ ኳስ ይቀባበሏችኋል። «ይህ መደበኛ ቅሬታ ነው» ብላችሁ በዚያው የኢሜይል ሰንሰለት ላይ ጻፉ። ብዙ ድርጅት ውስጥ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄደውና ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ያኔ ነው። ለምሳሌ ብሪታንያ ውስጥ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ መደበኛ ቅሬታ ሲቀርብበት በአብዛኛው በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልሱን መስጠት አለበት።

የመጨረሻ መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም ተቀበሉትና አስቀምጡት። ቀጣዩን በር የሚከፍተው እሱ ነው።

8. ከድርጅቱ ውጣ በሉ

ብሪታንያ ውስጥ የመጨረሻ መልሱ በደረሳችሁ በ6 ወር ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው መውሰድ ትችላላችሁ። ለሸማቹ ነፃ ነው። አውስትራሊያ ለስልክና ለኢንተርኔት ብቻ የተቋቋመ እንባ ጠባቂ አላት። አሜሪካ ውስጥ ስለ ስልክና ኢንተርኔት ለፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በድረ ገጹ ማመልከት ይቻላል፤ ኮሚሽኑ ቅሬታውን ለድርጅቱ ሲልክ ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ኮሚሽኑ ፈራጅ ሆኖ አይደለም የሚሠራው። ግን ከዚያ የመጣ ደብዳቤ የሚከፈተው እናንተን ሙዚቃ በሚያሰማው ክፍል አይደለም።

አንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር እየኖራችሁ ከሌላው የኅብረቱ አገር ገዝታችሁ ከሆነ የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከላት መረብ አለ። በኅብረቱ አገሮች፣ በኖርዌይና በአይስላንድ ቢሮ አለው፤ ክፍያ አይጠይቅም። የቆዩ መመሪያዎች ላይ የምታገኙት የኅብረቱ የኢንተርኔት ክርክር መፍቻ መድረክ ግን በጁላይ 20 ቀን 2025 ተዘግቷል። እሱን ስትፈልጉ ጊዜ አታጥፉ።

9. ገንዘቡን በካርዱ በኩል ጠይቁ

ድርጅቱ ዝም ካለ የከፈላችሁበት ካርድ ሌላ መንገድ ነው። ላልደረሰ ዕቃ ወይም ላልተፈቀደ ክፍያ ባንካችሁን ቻርጅባክ፣ ማለትም በካርዱ የተከፈለውን ከሻጩ አስመልሶ እንዲሰጣችሁ፣ ጠይቁ። የጊዜ ገደብ ስላለው አትዘግዩ። አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ስህተትን ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ብሪታንያ ውስጥ የ1974ቱ የብድር ሕግ ክፍል 75 ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ የሆነን ነገር በክሬዲት ካርድ ስትገዙ የካርዱን ድርጅት ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ዴቢት ካርድ ይህ ጥበቃ የለውም። ውድ ዕቃ በየትኛው ካርድ እንደምትከፍሉ ከወዲሁ አስቡበት።

ተናዳችሁ ክፍያ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ድርጅቱ ዕዳውን ለዕዳ ሰብሳቢ ሊሰጠው ይችላል። የብድር ታሪካችሁ ላይ ጥቁር ነጥብ ካረፈ ቤት መከራየቱም ሊከብዳችሁ ይችላል። የማትስማሙበትን መጠን በጽሑፍ ተቃወሙ፤ የምትስማሙበትን ክፈሉ።

10. ሐሰተኛውን ደንበኛ አገልግሎት ጠብቁ

ቅሬታችሁን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስትለጥፉ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ የሚመልሰው ድርጅቱ አይደለም። የድርጅቱን ዓርማ የለጠፈ አጭበርባሪ ነው። «ችግርዎን እንፍታ፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ጎግል ላይ ስልክ ቁጥር ስትፈልጉም ከላይ የሚወጣው ማስታወቂያ የእነሱ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከውላችሁ፣ ከሒሳብ ወረቀቱ ወይም ከካርዳችሁ ጀርባ ውሰዱ። በስልካችሁ የመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ንገሩኝ የሚል፣ ኮምፒውተራችሁን ከሩቅ የሚያይበትን መተግበሪያ አውርዱ የሚል ወይም ገንዘብ ለመመለስ መጀመሪያ ክፈሉ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ስልኩን ዝጉ።

11. አገር ስትለቁ

ወደ ሌላ አገር ስትዛወሩ ብዙ ሰው የባንክ ሒሳቡን መጀመሪያ ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ የመብራቱን፣ የኢንተርኔቱንና የኢንሹራንሱን ውል ዝጉና የመዝጊያውን ማረጋገጫ በጽሑፍ ያዙ። ቀጥሎ የቤቱን ማስያዣና ሌላ ተመላሽ ገንዘብ ጠብቁ። የባንክ ሒሳቡ የሚዘጋው የመጨረሻው ተመላሽ ከገባ በኋላ ነው። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ከባንኩም አስበልጣችሁ አቆዩት፤ የባንኩ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ርካሽ የቅድመ ክፍያ ቁጥር ካለ ወደዚያ አዙሩት።

ከአንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር ወደ ሌላው ከሆነ የተዛወራችሁት፣ በዩሮ የሚከፈል ድርጅት «የእኛ አገር የባንክ ቁጥር ካልሆነ አንቀበልም» ሊላችሁ አይችልም። በ2012 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ይህን ይከለክላል። እንዲህ ካሏችሁ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱና የደንቡን ዓመት ጨምራችሁ ጻፉላቸው።